ፍሬሙ የሸፈነው አድራሻ

ትርሲት ጀንበሬን በጅቡቲ ከተማ የሚያውቃት ሐበሻ ሁሉ «የኮምፒውተሯ ልጅ» ይላታል፤ ሠላሳዎቹን ከተሻገረች ብትቆይም ልጅነቱ አልቀረላትም። አያቷ በባቡሩ ዘመን ከድሬዳዋ መጥተው ፉርጎ ሲጠግኑ እዚሁ ቀሩ፤ አባቷም እዚያው ሐዲድ ላይ ሠርተው ጡረታ ወጡ። እሷ ግን የብረቱን ነገር ትታ በፈረንሳይኛ ተማረችና፣ ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ ብዙም በማይርቅ ቦታ ከማሉዲን የተባለ የሐረር ሰው በከፈተው ማተሚያ ቤት ተቀጠረች። የሱቅ ታፔላው፣ የሠርግ መጥሪያው፣ የምግብ ቤት ሜኑው ሁሉ በእሷ እጅ ያልፋል። ባለጉዳዩ በሶማልኛ ጀምሮ በፈረንሳይኛ ሲጨርስ እሷ በዐረብኛ መልሳ ታስቀዋለች። ሥራዋን የሚነቅፍ አልነበረም።

አንድ አመል ግን ነበረባት። «አላውቅም» የምትል ቃል ከአፏ አትወጣም። የማታውቀውን ነገር ስትጠየቅ «ቀላል ነው» ትልና ቤቷ ገብታ ስትታገል ትከርማለች። ብዙውን ጊዜ ስለሚሳካላት፣ አመሏ እንደ ጥፋት ሳይሆን እንደ ጉብዝና ተቆጠረላት።

ወይዘሮ ዓለምነሽ ደግሞ ካርቲየ 4 በሚባለው ሰፈር ምግብ ቤት ያላቸው፣ ድምፃቸው ከጓዳ እስከ አስፋልት የሚሰማ ሴትዮ ናቸው። በየሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ ኢትዮጵያውያት ያቋቋሙትን የመረዳጃ ማኅበር የሚመሩትም እሳቸው ናቸው። የታመመች ያስታምማሉ፣ የሞተች ያስቀብራሉ፣ ከአሠሪዋ የተጣላችውን ያስታርቃሉ። አንድ ቀን ትርሲትን ምሳ አብልተው ሲያበቁ «ስሚ ልጄ፣ ማኅበራችን ድረ ገጽ ያስፈልገዋል። ትችያለሽ?» አሏት።

«ቀላል ነው እትዬ» አለች ትርሲት። «ከመሠረቱ እኔው እገነባዋለሁ።»

አልቻለችም። የታፔላ ጥበብና የድረ ገጽ ጥበብ ለየቅል መሆናቸውን ያወቀችው ከገባችበት በኋላ ነው። የጻፈችው ነገር በአንዱ ስልክ ሲያምር በሌላው ይበተናል፤ የአማርኛው ፊደል አንዳንዴ ፊደል፣ አንዳንዴ ባዶ ሳጥን ይሆናል። ወይዘሮ ዓለምነሽ በጠየቁ ቁጥር «ሊያልቅ ነው» ትላለች። መጨረሻ ላይ ግን፣ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ገጽ በነፃ የሚያድል አንድ የውጭ ድርጅት አገኘች። ፎቶውን አስገቢ፣ ጽሑፉን ሙሊ፣ አለቀ። በአንድ ከሰዓት ተጠናቀቀ፤ እውነቱን ለመናገር፣ የሚያምር ነበር።

ችግሩ አድራሻው ነው። የነፃው ገጽ አድራሻ እንደ ዕቃ ባቡር የረዘመ ሆኖ መሐሉ ላይ የድርጅቱ ስም ተሰንቅሮበታል። ትንሽ የሚያውቅ ሰው አንዴ ካየው፣ ትርሲት ከመሠረቱ ምንም እንዳልገነባች፣ የተሰፋ ልብስ ገዝታ «ሰፋሁት» እንዳለች ወዲያው ይገባዋል። ማፈሯ በዚያው ጀመረ። ማፈሯን የምትሸፍንበትን ዘዴም ፈልጋ አገኘች።

ዘዴው ይህ ነበር። ለማኅበሩ አጭርና ጥሩ ስም አስመዘገበች። በዚያ ስም አንዲት ባዶ ገጽ አስቀመጠች፤ በገጿ ላይ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ የሚሸፍን አንድ ፍሬም ብቻ አለ። ፍሬሙ ያንን የነፃ ገጽ ከሩቅ ጠርቶ በውስጡ ያሳያል። ሰው ሲከፍተው ከላይ የሚታየው የማኅበሩ ስም ነው። በፍሬሙ ውስጥ ከገጽ ወደ ገጽ ቢዘዋወር እንኳ ከላይ ያለው አድራሻ ንቅንቅ አይልም፤ የፎቶውን ገጽ ቢከፍት፣ የስልክ ቁጥሩን ገጽ ቢከፍት፣ ያው የማኅበሩ ስም። ረጅሙ አድራሻ ከፍሬሙ ኋላ ተደብቆ ቀረ።

የዳግማዊ ትንሣኤ ሰሞን ሴቶቹ በአዳራሽ ተሰብስበው ድረ ገጹን ግድግዳ ላይ በትልቁ አዩት። የመጀመሪያው ገጽ፣ በበዓል ቀን ነጭ በነጭ ለብሰው ሲስቁ የተነሡት ፎቶ ነው። ወይዘሮ ዓለምነሽ በጣታቸው ወደ አድራሻው እያመለከቱ «ይኸው! የሰው ስም የለበትም፣ የራሳችን ስም ብቻ! ይህቺ ልጅ ናት ከመሠረቱ የገነባችው!» ሲሉ እልልታው ጣሪያውን ነቀነቀው። ትርሲት ሳቀች። ጉንጮቿ ግን ተቃጠሉ፤ ዘወር ብላ ሽቦ የምታስተካክል መሰለች።

ይህ ሁሉ ሆኖ ማንም ሳይጎዳ ቢቀር፣ ታሪኩ የሚወራ አልነበረም።

ሙቀቱ በከረረበት፣ ሀብታም ሁሉ ወደ ቀዝቃዛ አገር በሚሄድበት ወር፣ አንዲት ወጣት ካርቲየ 7 ውስጥ መንገድ ላይ ወደቀች። የሚያነድድ ትኩሳት ነበራት። ጫት የምትሸጥ ሴት ውሃ አርከፍክፋባት፣ ባለ ታክሲው ጭኖ ሆስፒታል አደረሳት። ቦርሳዋ በግርግሩ ጠፍቷል። ሐኪሞቹ ትኩሳቱ አንጎሏ ገብቷል አሉ። ነፍሷ ተረፈች፤ ዓይኗ ያያል፣ ሰው ሲያናግራት ትሰማለች፣ ምላሷ ግን አልፈታ አለ። ስሟን እንኳ መናገር አቃታት። ነርሶቹ ከመልኳና ካንገቷ ክር ተነሥተው ሐበሻ ናት ብለው ወይዘሮ ዓለምነሽን አስጠሩ።

ወይዘሮ ዓለምነሽ ትርሲትን አስከትለው ሄዱ። ልጅቷ ነጭ አንሶላ ላይ ተኝታ በትላልቅ ዓይኖቿ እያፈራረቀች አየቻቸው። «አይዞሽ እናቴ፣ ወገኖችሽን እናገኛቸዋለን» አሏት እሳቸው። ትርሲት ፎቶ አነሣቻት።

ደጅ ሲወጡ ወይዘሮ ዓለምነሽ ፎቶውን በሴቶቹ የስልክ ቡድኖች በትነው ማን እንደሚያውቃት ሊጠይቁ አሰቡ። ወዲያው ግን ሐሳባቸውን ቀየሩ። «የታመመች ልጅ መልክ በየሰዉ ስልክ ሲንከራተት ደግ አይደለም። ነገ ድና ስትነሣ ማፈሪያ ይሆንባታል።»

«ታዲያ ድረ ገጹ ላይ እናውጣው» አለች ትርሲት። የሠራችው ነገር ለቁም ነገር ሲውል ማየት አጓጉቷት ነበር። «እርስዎ አድራሻውን ብቻ ይላኩ። ሲገኝላት ደግሞ እናነሣዋለን።»

«ተባረኪ! ቤት ያለው ሰው እንዲህ ነው» አሉ ወይዘሮ ዓለምነሽ።

ትርሲት የልጅቷን ፎቶ በማስታወቂያው ገጽ ላይ አወጣች። ከሥሩ «ይህችን እኅታችንን የሚያውቅ ወይም ዘመዶቿን የሚያውቅ በአስቸኳይ ያሳውቀን» ብላ ጻፈች። አድራሻውን ለወይዘሮ ዓለምነሽ ልትልክ ስትቀዳው ግን እጇ ቆመ። ከላይ የሚታየው የማኅበሩ ስም ብቻ ነው። ያንን ስም የሚከፍት ሰው የሚያርፈው የበዓሉ ፎቶ ላይ እንጂ ልጅቷ ላይ አይደለም። በፍሬሙ የተነሣ፣ ማስታወቂያው የራሱ የሆነ የሚታይ አድራሻ የለውም። ያለው ያ ረጅሙ፣ የተደበቀው ነው።

ይህንን አላወቀችም ማለት አይቻልም። ዐውቃለች። ረጅሙን ብትልክ በአንድ ቀን ልጅቷን ሁሉም ያያታል፤ ከዚያ ጋር ግን የውጭው ድርጅት ስም በከተማው ሐበሻ ሁሉ ስልክ ላይ ይወጣል። ከወራት በፊት ጣሪያ የነቀነቀው እልልታ ትዝ አላት። «ሰው አይጠፋውም። ከታች ማስታወቂያ የሚለውን ይነካዋል» ብላ ራሷን አሳመነችና አጭሩን ላከች። ገጹ በፍሬም ውስጥ ሲሆን በስልክ ላይ እንደሚኮማተር፣ «ማስታወቂያ» የምትለውም ቃል የጉንዳን ያህል እንደምታንስ እያወቀች እንዳላየች ሆና አለፈችው።

ወይዘሮ ዓለምነሽ አድራሻውን በየቡድኑ ላኩት። «እባካችሁ ገብታችሁ እዩ፤ ለሌላም አስተላልፉ» የሚል የድምፅ መልእክት አስከተሉ፤ የልጅቷን ነገር ገጹ ይናገር ብለው አላነሡም። ቀድመው ለላኩላቸውም ደግመው ላኩት። ሳምንት አለፈ፤ ሌላም አለፈ። ዘመድ ነኝ ብሎ የመጣ የለም። ትርሲት ስትጠየቅ «ሰው አይቶታል እትዬ፣ የከፈተው ብዙ ነው» ትላለች። የከፋቹ ብዛት እውነት ነበር። ልጅቷ በሆስፒታሉ አልጋ ላይ ጣሪያውን እያየች ቆየች።

ሐቁ የታወቀው በምሳ ሰዓት ነው። ትርሲት ወይዘሮ ዓለምነሽ ምግብ ቤት ተቀምጣ ዓሣ ስትበላ፣ አስተናጋጁ ባንቲሁን ውሃ እያቀረበላት «ትርሲትዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ እንዳትቀየሚኝ» አለ።

«ምን?»

«እትዬ ያንን የበዓል ፎቶ ለምንድን ነው እየደጋገሙ የሚልኩት? መልካም ነው፣ ያምራል። ግን በሳምንት ሦስት ጊዜ እንዴት ነው? ሰዉ ምን እንደሚመልስ ግራ ገብቶታል።»

ስልኩን አወጣና አሳያት። የወይዘሮ ዓለምነሽ መልእክት፣ አድራሻው፣ ከዚያ የመልሶች ጋጋታ። እንኳን ደስ ያላችሁ። ነጭ ያምርባችኋል። እትዬ ዓለምነሽ ወጣት መስለዋል። የአበባ ምስል፣ የጭብጨባ ምስል፣ እንደገና አበባ። ናዝሬት የምትባል አንዲት ሠራተኛ «ዓመት ዓመት ያድርሳችሁ» ብላ ጽፋለች።

«ማስታወቂያውን አላየኸውም?» አለች ትርሲት።

«የምን ማስታወቂያ?»

ዓሣው አፏ ውስጥ ድንጋይ ሆነ። ሳትከፍል መውጣቷን እንኳ አላወቀችም። በዚያ ቀትር፣ ጫት የጫኑት መኪናዎች ገብተው ከተማው ሁሉ ወደ ጫቱ በሚሮጥበት ሰዓት፣ እሷ በተቃራኒው እየሮጠች ማተሚያ ቤቱ ደረሰች። ረጅሙን አድራሻ አወጣች። ጣቷ መላኪያው ላይ እንዳለ አሁንም ትንሽ አመነታች፤ በኋላ ከሁሉ በላይ የሚያሳፍራት ያቺ ማመንታት ነበረች። ከዚያ ለወይዘሮ ዓለምነሽ ላከች። እንዲህ የሚልም አስከተለች፦ «እትዬ፣ የኔትወርክ ችግር ኖሮ ማስታወቂያው ለሰው ሳይታይ ቆይቷል። እባክዎ ይህንን ይላኩ።»

የኔትወርክ ችግር። ምንም ያላደረገ ኔትወርክ።

ፀሐይ ከመጥለቋ በፊት ናዝሬት ለወይዘሮ ዓለምነሽ እየጮኸች ደወለች። «ቦንቱ ናት! ቦንቱ! በባሕር አልሞተችም!»

ነገሩ እንዲህ ነው። ቦንቱ የአሰላ ገጠር ልጅ ናት። አሠሪዎቿ ከሙቀቱ ሸሽተው ሲሄዱ አሰናብተዋት ናዝሬት ዘንድ ማደር ጀምራ ነበር። ወደ ኦቦክ ወደብ ሄዳ በጀልባ ወደ የመን ልሻገር እያለች ታወራ ስለነበር፣ አንድ ቀን ወጥታ ስትቀር ናዝሬት «ሄደች» አለች። በዚያው ሰሞን ጀልባ ሰመጠ የሚል ወሬ ሲመጣ ደግሞ እያለቀሰች ለቤተሰቧ ደወለች። አዳማ ጋራዥ ውስጥ የሚሠራው ወንድሟ ሶሬሳ ወደ ጅቡቲ መጣ፤ ኦቦክ ድረስ ሄደ፣ ዓሣ አጥማጁን ሁሉ ጠየቀ፣ ባሕሩን አይቶ ተመለሰ። አስከሬን አላገኘም። አገሩ ገብቶ ለእናቱ ነገራት፤ ድንኳን ተጣለ፣ ለቅሶ ተቀመጡ፤ እናትየዋ ፀጉሯን ተላጨች።

ትርሲት ይህንን የሰማችው ከወይዘሮ ዓለምነሽ አፍ ነው። እሳቸው በደስታ እያለቀሱ ይነግሯታል፤ እሷ ወንበሩን ጨብጣ ትሰማለች።

ሶሬሳ በባቡር ተመልሶ መጣ። ቦንቱ ወንድሟን ስታይ፣ ለሳምንታት ተቆልፎ የኖረው አፏ ተላቀቀና ከስሙ የመጀመሪያውን ድምፅ አወጣች ብለው ነርሶቹ አወሩ። እሑድ ማኅበሩ በአዳራሹ ተሰበሰበ። ወይዘሮ ዓለምነሽ ንግግር አደረጉ፤ ቀጥለውም ትርሲትን አስነሥተው በትከሻዋ ላይ አዲስ ነጠላ ጣል አደረጉባት። «ይህቺ ልጅ የሠራችው ድረ ገጽ ባይኖር፣ ቦንቱ ዛሬም ስም የለሽ ነበረች!» ሴቶቹ እልል አሉ። ትርሲት መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። ነጠላው ሰውነቷን ፈጀው። ልትናገር አፏን ከፈተች፤ የወጣው «እግዜር ይስጥልኝ» ብቻ ነው።

ከዚያ ሶሬሳ ተነሣ። ቀጠን ያለ፣ የመኪና ዘይት ከጥፍሩ ሥር ያልለቀቀው ልጅ ነው። ሰው ፊት መናገር አልለመደም፤ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ነው የተናገረው።

«አመሰግናለሁ። እኔ ግን አንድ የምናዘዘው ነገር አለኝ። ያን ጊዜ መጥቼ ናዝሬት ዘንድ ሳድር፣ ይህ አድራሻ ሰው ሲያስተላልፈው በስልኬ ደርሶኝ ነበር። ከፈትኩት። ሴቶች ነጭ ለብሰው ይስቃሉ። እኔ እህቴ ሞታብኝ... ተናደድኩና ዘጋሁት። ያደርኩበት ቤትና ሆስፒታሉ ሩቅ አልነበረም፤ በእግር ይደረሳል። ከፍቼ ትንሽ ብነካካው ኖሮ እህቴን አያት ነበር። እናቴም አትላጭም ነበር። እኔ ደንቆሮ ነኝ፤ ስልክ እንኳ በደንብ አላውቅም። ቦንቱን የገደልኳት እኔ ነበርኩ ማለት ነው፤ እግዚአብሔር ነው የመለሳት።»

ሴቶቹ «ተው፣ ተው ወንድሜ፣ ምን አጠፋህ!» አሉት። ወይዘሮ ዓለምነሽ አቀፉት። ትርሲት እንደቆመች ቀረች። ጥፋቷን ሌላ ሰው አንሥቶ ተሸክሞ ፊቷ ቆሟል፤ «የኔ ነው» ብላ ልትቀበለው አንድ እርምጃ ይበቃት ነበር። አልተራመደችም። ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ ተቀመጠች።

ቤቷ ስትገባ አባቷ አቶ ጀንበሬ ነጠላውን አይተው «ደግ ሠርተሽ ነው መሰል፣ እሰይ ልጄ!» አሉ። ራሴን አሞኛል ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። የኔትወርኩን ውሸት፣ ሰዉ የላከውን የአበባ ምስል፣ ሶሬሳ መሬት ላይ የተከለውን ዓይን እያገላበጠች ስትቃጠል ቆየች። ማንም እንደማያውቅባት ታውቃለች፤ ዝም ብትል እስከ መቼም የሚያውቅ የለም። ያ ግን አላሳረፋትም፤ አባሰባት እንጂ።

በማግሥቱ ጠዋት ሥራ አልገባችም። ሆስፒታል ሄደች። ሶሬሳ ከእህቱ አልጋ አጠገብ ተቀምጦ እንጀራ በእጁ እየቆረሰ ያጎርሳታል። ቦንቱ ትርሲትን ስታያት ፈገግ አለች፤ ፎቶ ያነሣቻት ሴት መሆኗን አስታውሳለች። ትርሲት ያንን ፈገግታ መሸከም አቃታት።

«ሶሬሳ፣ ወጣ ብለን እናውራ?»

ኮሪደሩ ላይ ቆሙ። በመስኮቱ የሚገባው አየር እንደ ምድጃ ይጋረፋል።

«ትናንት ያልከው ትክክል አይደለም» አለችው። «ብትነካካውም አታገኛትም ነበር፤ ብታገኛትም በስንት ፍለጋ። እኔ ነኝ የደበቅኋት።»

«እንዴት እህቴ?»

ነገረችው። ፎቶ የሚሰቀልበትን ፍሬም አስበህ ታውቃለህ አለችው። ከፍሬሙ ላይ አንድ ስም ተጽፏል፤ ውስጡ ያለው ፎቶ ቢለዋወጥ ስሙ ያው ነው። ሰው ያንን ስም ይዞ ሲመጣ ሁልጊዜ የሚያየው የመጀመሪያውን ፎቶ ብቻ ነው። የእህትህ ፎቶ ሦስተኛው ነበር። ወደ እሱ በቀጥታ የሚያደርስ አድራሻ ነበር፤ በእጄ ነበር። አልላክሁትም።

«ለምን?»

ከዚህ ጥያቄ የሚከብድ አልገጠማትም። ትልቅ ምክንያት ቢኖራት በወደደች።

«እኔ እንዳልሠራሁት ሰው እንዳያውቅብኝ። ከመሠረቱ ገነባሁት ብዬ ነበር። ውሸቴን ነው።»

ሶሬሳ ይቆጣኛል፣ ይጮኽብኛል ብላ ጠብቃ ነበር። እሱ ግን የገባውን ነገር በሐሳቡ የሚያሰላ ይመስል ግንባሩን ቋጠረ።

«ለዚህ?» አለ መጨረሻ ላይ። «ለዚህ ብቻ?»

«አዎ።»

«እናቴ ፀጉሯን ተላጭታለች» አለ። ጀርባውን ሰጣት፤ ወደ እርሷ ሳይዞርም «እኔ ግን ትናንት ሌሊቱን ሙሉ አልተኛሁም። ራሴን ስረግም ነው ያነጋሁት። ትናንት ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?» አለ።

«ይቅር በለኝ» አለች። «ሰምቻለሁ» አለና ወደ እህቱ ገባ። ይቅር ብያለሁ አላለም።

ከዚያ በቀጥታ ካርቲየ 4 ሄደች። ወይዘሮ ዓለምነሽ ሽንኩርት የሚከትፉትን ሴቶች ሲያዙ አገኘቻቸውና ሁሉንም፣ የኔትወርኩን ውሸት ሳይቀር ነገረቻቸው። ወይዘሮ ዓለምነሽ የፍሬሙን ነገር በግማሽ ነው የተረዱት፤ ውሸቱን ግን በሙሉ ተረዱት።

«እኔ እኮ ያንን አድራሻ እየደጋገምኩ የላክሁ ነኝ» አሉ። «ሰው ሁሉ አበባ ሲልክልኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ለማኅበሩ መስሎኝ! አንዲት ልጅ አልጋ ላይ ተኝታ... ራስ ሳይጠና ጉተና አሉ! ለኔ ብትነግሪኝ ምን እልሽ ነበር? ነፃ ይሁን፣ የተገዛ ይሁን፣ እኔ ምኑን ዐውቄው?»

«አዎ እትዬ።»

«ሂጂ አሁን። አሁን ላይሽ አልፈልግም።»

ትርሲት ነጠላውን አጥፋ ጠረጴዛቸው ላይ አኖረች። እሳቸው ሳያዩት ወደ ጓዳ ገቡ።

የዚያኑ ዕለት ፍሬሙን አፈረሰችው። አጭሩ ስም ሲከፈት በቀጥታ ወደ ረጅሙ እንዲወስድ አደረገች፤ የውጭው ድርጅት ስም ከላይ ተዘርግቶ ታየ። በሴቶቹ ቡድን ውስጥም፣ ድረ ገጹን እሷ እንዳልገነባች፣ ማስታወቂያው ተሰውሮ የቆየው በእሷ ምክንያት መሆኑን፣ ሶሬሳ አንዳች ጥፋት እንደሌለበት በድምፅ ተናገረች። አንዳንዶቹ «ምንም አይደለም፣ ልጅቷ ተገኝታ የለ» አሉ። ሌሎቹ ምንም አላሉም። ናዝሬት «እኔ ለእናቷ ሞተች ብዬ ደውያለሁ» ብላ ጻፈችና ከዚያ በኋላ ለትርሲት ሰላምታ አቆመች። አሠሪዋ ከማሉዲንም ሰምቶ ኖሮ «እኔም ቤት፣ ቀላል ነው እያልሽ የተቀበልሽው ሥራ ካለ ዛሬውኑ ንገሪኝ» አላት። ሁለት ነበር። ነገረችው።

የሙቀቱ ወራት ሲያልቁ ቦንቱ ተሻላት። ቃል በቃል እየፈለገች፣ ቀስ እያለች መናገር ጀመረች። ወንድሟ ከናጋድ ጣቢያ በባቡር ይዟት ሄደ። ትርሲት ጣቢያ ድረስ ልትሸኛቸው አስባ፣ ድፍረት አጥታ ቀረች። አንዲት የማኅበሩ ሴት እንደነገረቻት፣ ቦንቱ ባቡሩ ላይ ስትወጣ «ፎቶ ያነሣችኝስ?» ብላ ጠይቃ ነበር።

ወይዘሮ ዓለምነሽ ከወራት በኋላ አስጠሯት። ቁጣቸው ባይበርድም ሥራ ነበራቸው፤ ሌላ የታመመች ልጅ ነበረች። «የሚሠራውን አድራሻ ነው የምፈልገው። መልኩ አስቀያሚ ይሁን» አሉ። ትርሲት ላከችላቸው። እሳቸው እዚያው ፊቷ ከፍተው የልጅቷን ፎቶ በዓይናቸው ካዩ በኋላ ብቻ ለሰው አስተላለፉ። ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ እንዲህ ያደርጋሉ፤ እሷም ቆማ ትጠብቃለች።

በዚያው ሰሞን በማኅበሩ ስብሰባ ላይ ከአሰላ የመጣ የድምፅ መልእክት ተከፈተ። የቦንቱ እናት ናት። በኦሮምኛ ትናገራለች፣ ሶሬሳ ከሥር ከሥሯ በአማርኛ ይተረጉማል። ልጄን ለፈለጋችሁልኝ፣ ላስታመማችሁልኝ፣ ውለዱ፣ ክበዱ፣ አገራችሁ ግቡ ትላለች። ቀጥላም በየስማቸው መረቀቻቸው፤ ወይዘሮ ዓለምነሽን፣ ናዝሬትን፣ ውሃ ያርከፈከፈችውን ባለ ጫት። «ፎቶ ያነሣቻትን ልጅም» አለ የሶሬሳ ድምፅ፤ ትንሽ ቆም ካለ በኋላ፣ «እጇን ይባርክላት ትላለች እናቴ» ብሎ ጨረሰ። የእሷን ጥፋት ለእናቱ እንዳልነገራት ትርሲት ገባት።

ሴቶቹ በአንድ ድምፅ «አሜን» አሉ። አጠገቧ የተቀመጠችው በክርኗ ጎሸም አድርጋ «አሜን በይ እንጂ፣ አንቺን እኮ ነው» አለቻት። ትርሲት አንገቷን ደፍታ፣ እጆቿን ቀሚሷ እጥፋት ውስጥ ሸሸገች።